ከደንገጎ በላይ ያለው የማይታይ ነገር

ይህ ጽሑፍ ኅዳር ውስጥ ድሬዳዋ ላይ ለተማሪዎችና ለወላጆቻቸው ካደረግኩት ንግግር የተወሰደ ነው። አፌ ላይ እንደመጣ የተናገርኩትን ትንሽ አቃንቼዋለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ የፈረንጅ ናቸው።

እንደምን አመሻችሁ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ላጥራ። እኔ ኮከብ ቆጣሪ አይደለሁም። ይህን የምለው ወድጄ አይደለም። ለትምህርት ውጭ ቆይቼ እናቴ ጋ የመጣሁ ሰሞን አንዲት ጎረቤታችን ቡና ላይ ጠጋ አሉና «ልጄ፣ አንቺ ኮከብ ተምረሻል አሉ። እስቲ የልጄንና የእጮኛዋን እይልኝ፣ ይገጥማል?» አሉኝ። እኔም አቅሜ የፈቀደውን ያህል አስረዳሁ። ጋላክሲ፣ የስበት ኃይል፣ የብርሃን ዓመት… በትዕግሥት ሲሰሙኝ ቆዩ። በመጨረሻ «እሱስ ይሁን፤ ግን ይገጥማል አይገጥምም?» አሉ። «ይገጥማል» አልኳቸው። ተጋብተው ሦስት ልጆች ወልደዋል። በሙያዬ ከተነበይኩት ሁሉ ማንም ያልተከራከረኝ እሱን ብቻ ነው።

የኔ ሥራ ሩቅ ያሉ ጋላክሲዎችን፣ ማለትም ግዙፍ የኮከብ ስብስቦችን፣ እና መሃላቸው ላይ የተቀመጡትን ጥቁር ጉድጓዶች ማጥናት ነው። እንዴት እዚያ እንደደረስኩ ነው ዛሬ የማወራችሁ። ታሪኩ የሚጀምረው ግን ከዩኒቨርሲቲ ሳይሆን ከሽቦ አልጋ ነው።

ያደግኩት ከደቻቱ ወንዝ ማዶ፣ መጋላ በኩል ነው። የድሬ ልጅ የግንቦትንና የሰኔን ሙቀት ያውቀዋል። ቤት ውስጥ መተኛት አይታሰብም። አባቴ አልጋዎቹን ወደ ግቢ ያወጣል። እናቴ መሬቱ ላይ ውሃ ትረጫለች፣ አጎበር ትሰቅላለች። እኔ ደግሞ ሁሉም ሲተኛ አጎበሩን ገልጬ አንገቴን አወጣለሁ። ትንኝ ይበላኛል፣ ጠዋት ፊቴ አብጦ እቆጣለሁ፣ ማታ ደግሞ እደግመዋለሁ። ወደ ደቡብ በደንገጎ በኩል ተራራው ጥቁር ሆኖ ይታያል። ከተራራው በላይ ወተት የፈሰሰበት የሚመስል ነጣ ያለ መንገድ አለ። ፍኖተ ሐሊብ የሚባለው፣ የኛው ጋላክሲ፣ እሱ ነው። ያኔ የመንገድ መብራት እንዳሁኑ አልበዛም ነበር።

ሰኔ ላይ እኩለ ሌሊት ሲሆን ያ ነጭ መንገድ በደቡብ በኩል፣ ከአድማሱ 50 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ፣ ሰፋና ደመቅ የሚልበት ቦታ አለ። የጋላክሲያችን መሃል እዚያ ነው። እዚያ ደግሞ ከ4 ሚሊዮን ፀሐይ በላይ የሚመዝን አንድ ጥቁር ጉድጓድ ተቀምጧል። ሳጂታሪየስ ኤ ስታር ይሉታል። የልጅነቴን ሌሊቶች ከእሱ ጋር ፊት ለፊት ተፋጥጬ ነው ያሳለፍኩት። ማንም አልነገረኝም። ምን እንደሆነ እርግጠኛ ሆኖ የሚነግረኝ ሰውም ገና አልነበረም።

ከሽቦ አልጋው ቀጥሎ የመጣው ባይኖኩላር ነው። አጎቴ እዚሁ ድሬ ካለው ታይዋን ከሚባለው ገበያ፣ ከጅቡቲ ከገባ አሮጌ ዕቃ መሃል አግኝቶ ገዛልኝ። አንዱ ዓይኑ ትንሽ ይንሸዋረር ነበር። እጄ ሲንቀጠቀጥ ምንም ስለማይታይ ክርኔን ሮቶው ላይ አስደግፌ ጁፒተርን አየሁ። ከጎኑ በአንድ መስመር የተደረደሩ ደቃቅ ነጥቦች ነበሩ። በማግስቱ ቦታ ተለዋውጠዋል። በሦስተኛው ቀን አንዷ ጠፍታለች። ደብተር ላይ ሣልኳቸው። ጋሊሊዮ በ1610 ያያቸውን አራቱን የጁፒተር ጨረቃዎች ነበር የማየው። ግን እኔ ይህን አላውቅም፤ የኔ ግኝት መስሎኝ ለሳምንት ያህል ለማንም አልተናገርኩም።

እንግዲህ ወደ ጥቁር ጉድጓዱ እንግባ። ስሙ ራሱ ያሳስታል። ጉድጓድ አይደለም፣ ባዶም አይደለም። ብዙ ነገር በጣም ትንሽ ቦታ ላይ የታጨቀበት ነው። ብይ ተጫውታችኋል አይደል? መሬትን ከነተራራዋ ከነባሕሯ ጨምቃችሁ ጨምቃችሁ የአንዲት ብይ ያህል፣ ማለትም ወደ 2 ሴንቲ ሜትር ስፋት ካወረዳችኋት ጥቁር ጉድጓድ ትሆናለች። ፀሐይ ከሆነች 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ይበቃታል። ድሬ ላይ ልትቀመጥ ትችላለች ማለት ነው፤ ሙቀቱ ላይ ሙቀት። እዚያ ደረጃ ላይ ሲደረስ ለማምለጥ ከብርሃን መፍጠን ያስፈልጋል። ከብርሃን የሚፈጥን የለም። ስለዚህ ብርሃንም እዚያው ይቀራል። ስሌቱን መጀመሪያ የሠራው ካርል ሽዋርዝሺልድ የሚባል ጀርመናዊ ነው። በ1915 መጨረሻ፣ አንስታይን የስበት ንድፈ ሐሳቡን ባወጣ በሳምንታት ውስጥ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሩሲያ ግንባር ላይ ወታደር ሆኖ ነው የሠራው። በተከታዩ ዓመት በበሽታ ሞተ። ጦር ሜዳ ላይ ቁጭ ብሎ እኩልታ የሚፈታ ሰው ሳስብ፣ መብራት ጠፋብኝ ብዬ ሥራ ያቆምኩባቸው ቀኖች ያሳፍሩኛል።

ሌላም መስተካከል ያለበት ነገር አለ። ጥቁር ጉድጓድ እንደ መጥረጊያ ማሽን ዙሪያውን ሁሉ ስቦ አይውጥም። ዛሬ ማታ ፀሐይን አንስታችሁ በምትኳ የእሷኑ ያህል የሚመዝን ጥቁር ጉድጓድ ብታስቀምጡ መሬት በዚያው ምህዋሯ መዞሯን ትቀጥላለች። እኛ በብርድ እናልቃለን እንጂ አንዋጥም። አደጋው ያለው በጣም ለተጠጋ ብቻ ነው።

ታዲያ የማይታይ ከሆነ መኖሩን በምን አወቅን?

ማታ መብራት በጠፋበት ሰዓት ከፍ ካለ ቦታ ሆናችሁ ከተማችንን አይታችሁ ታውቃላችሁ? ቤት የለም፣ መንገድ የለም። የባጃጅ መብራት ብቻ ነው የሚታየው። አብዛኛው ቀጥ ብሎ ይሄዳል። አንድ ቦታ ላይ ግን የሚመጡት ሁሉ ክብ ሠርተው ዞረው ይወጣሉ። ያኔ «እዚያ ጋ አደባባይ አለ» ትላላችሁ። አደባባዩን አላያችሁትም። ባጃጆቹ ናቸው የነገሯችሁ።

ሙያዬ በሙሉ ይኸው ነው። ባጃጅ እያዩ አደባባይ ማወቅ።

ይህን በጋላክሲያችን መሃል ላይ የሠሩት ሁለት ቡድኖች ናቸው። አንዱን አንድሪያ ጌዝ ሃዋይ ባለው የኬክ ቴሌስኮፕ፣ ሌላውን ራይንሃርድ ጌንዘል ቺሊ ባሉት የአውሮፓ ቴሌስኮፖች ይመራሉ። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንስተው አንድን ቦታ ብቻ ደጋግመው አነሡ። እኛና ያ ቦታ መካከል አቧራ ስላለ በዓይን የሚታይ ብርሃን አያልፍም። ኢንፍራሬድ የሚባለው፣ በዓይን የማይታየው ብርሃን ግን ያልፋል። በዚያ ነው የሚያዩት። ኤስ2 የምትባል ኮከብ አለች። በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ቦታ ትለውጣለች። የምትዞረው ምንም በማይታይበት ነጥብ ዙሪያ ነው። አንድ ዙር ለመጨረስ 16 ዓመት ይፈጅባታል። በ2018 ግንቦት ላይ ወደ ነጥቡ በጣም ስትቀርብ ፍጥነቷ በሰከንድ ከ7,500 ኪሎ ሜትር በላይ ነበር። በዚያ ፍጥነት ከዚህ ተነስቶ አዲስ አበባ ለመድረስ ዓይን እስኪጠቀስ ያለው ጊዜ ይበቃል። ያንን ያህል የፈጠነች ኮከብ ከእጅ አምልጣ እንዳትሄድ አድርጎ የሚይዝ ነገር ምን ያህል ይከብዳል? ስሌቱ ከ4 ሚሊዮን ፀሐይ በላይ ይላል። ያን ሁሉ ክብደት ደግሞ የሚይዘው ቦታ ጠባብ ነው። ሌላ ምንም ሊሆን አይችልም።

እስቲ 16 ዓመትን አስቡት። ከዚህ አዳራሽ ውስጥ ካላችሁት ብዙዎቻችሁ 16 ዓመት አልሞላችሁም። እናንተ ተወልዳችሁ፣ ቆማችሁ ሄዳችሁ፣ ፊደል ቆጥራችሁ እዚህ እስክትደርሱ ያቺ ኮከብ አንድ ዙር ነው የሄደችው። አንድን ዙር ለማየት የሰው የሥራ ዕድሜ ግማሹ ያልቃል። ጌዝና ጌንዘል በ2020 ኖቤል ሲቀበሉ ወደ 30 ዓመት ገደማ ጠብቀዋል። የሽልማቱ ግማሽ ለእነሱ፣ ግማሹ ጥቁር ጉድጓድ ከአንስታይን ንድፈ ሐሳብ እንደሚመጣ በሂሳብ ላሳየው ለሮጀር ፔንሮዝ ሆነ። ጌዝ በፊዚክስ ኖቤል ያገኘች አራተኛዋ ሴት ናት። ከ1901 ጀምሮ አራተኛ። ሴት ልጅ ያላችሁ ወላጆች ይህቺን ቁጥር ይዛችሁ ግቡ፤ እኔ በጨዋ አፍ ልናገርበት የምችለው ነገር አይደለም።

አሁን ስለ ብርሃን እናውራ። ደቻቱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ዓመቱን ሙሉ ደረቅ አሸዋ ነው። ሰው ያቋርጠዋል፣ ገበያ ይቆምበታል። ድሬ ላይ ጠብታ ሳይወርድ፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ እያለ ጎርፍ ይመጣል። ዝናቡ የዘነበው ላይ፣ ተራራው ላይ ነው። ጎርፉ እዚህ ሲደርስ እዚያ አባርቶ ሊሆን ይችላል። በ2006 ክረምት ሌሊት ላይ የመጣውን ያየ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልገውም።

የሩቅ ብርሃንም እንደዚያ ነው። አሁን የደረሰን ድሮ የዘነበው ነው። ከጋላክሲያችን መሃል የሚመጣው ብርሃን ወደ 27 ሺህ ዓመት ይጓዛል። እዚሁ አፍንጫችን ሥር ያለውን የፖርክ ኤፒክን ዋሻ የጎበኘ ይኖራል? ሰዎች እዚያ ከ40 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ቀይ ቀለም የሚሰጥ ድንጋይ ይፈጩ ነበር። ያ ብርሃን መንገድ ሲጀምር የዋሻው ሰዎች ጥንታዊ ነበሩ ማለት ነው። አንድሮሜዳ የምትባለው ጎረቤታችን ጋላክሲ ደግሞ 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ትርቃለች፤ አንድ የብርሃን ዓመት ማለት ብርሃን በአንድ ዓመት የሚሄደው መንገድ ነው። ብርሃኗ ሲነሳ አፋር ጎና ላይ ድንጋይ ጠርቦ መሣሪያ መሥራት ከተጀመረ ብዙም አልቆየም። እኔ የማጠናቸው ግን ከዚህም በጣም፣ በጣም የራቁ ናቸው።

ርቀታቸውን እንዴት እንደምናውቅ በባቡር ላስረዳ። ወጣቶቹ አሮጌውን ባቡር አልደረሳችሁበትም፤ አዲሱ ጣቢያ ደግሞ ከከተማ ወጣ ያለ ነው። አባቶች ግን ታስታውሳላችሁ። እየመጣ ሳለ ፉጨቱ ቀጭን ነው። አልፎን ሲሄድ ወፍራም ይሆናል። ባቡሩ ፉጨቱን አልቀየረም፤ ስለሚርቅ ማዕበሉ ተለጥጦ ነው ጆሯችን የሚደርሰው። ብርሃንም ሲለጠጥ ወደ ቀይ ያደላል። ልክ ልኩን ለመናገር፣ ለሩቅ ጋላክሲዎች የሚለጥጠው የባቡሩ ሩጫ ሳይሆን ሐዲዱ ራሱ መርዘሙ ነው፤ ኅዋው እየሰፋ ነው። ሬድሺፍት የምንለው ይህን ነው።

ይህን እንዴት እንደምንለካ ቀረብ ብላችሁ እዩልኝ፤ የቀን ተቀን ሥራዬ ስለሆነ። ብዙ ሰው ቴሌስኮፕ ላይ ዓይኔን ደቅኜ የማድር ይመስለዋል። አይደለም። ኮምፒውተር ላይ አንድ የተጨማደደ መስመር ነው የማየው። የሐኪም ቤት የልብ ምርመራ ወረቀት ይመስላል። ስፔክትረም ይባላል። የጋላክሲው ብርሃን በቀለም በቀለም ተበትኖ፣ በየቀለሙ ስንት ብርሃን እንዳለ ያሳያል። አብዛኛው ዝም ያለ ሜዳ ነው። መሃል ላይ ግን ሹል ሹል ጫፎች ይበቅላሉ። እኔ መጀመሪያ የምፈልገው ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ጫፎችን ነው። የኦክስጅን ናቸው። የብርሃናቸው ማዕበል ርዝመት ሲለካ ቤታቸው 495.9 እና 500.7 ናኖሜትር ላይ ነው፤ ናኖሜትር የሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነው። ትልቋ የትንሿን ሦስት እጥፍ ያህል ትረዝማለች፤ ሁልጊዜ። እናትና ልጅ ገበያ ሲሄዱ የመሰሉ ናቸው። እነሱን ካገኘሁ ሌላውን ሁሉ አገኘሁ። ትልቋ ቤቷ ሳትሆን 600.8 ላይ ከቆመች በአንድ አምስተኛ ተለጥጣለች። ያ ብርሃን ወደ 2.5 ቢሊዮን ዓመት ተጉዟል ማለት ነው። አጠገባቸው ያለው የሃይድሮጅን ጫፍ ደግሞ ሹል መሆኑ ቀርቶ እንደ ጉብታ ሰፍቶ ከተገኘ ልቤ ይመታል። የሰፋው ጋዙ በሰከንድ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር እየተሽከረከረ ስለሆነ ነው። ባጃጆቹ አደባባይ ላይ ናቸው።

ተማሪ ሳለሁ አንድ ቀን ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ በማንም መጽሐፍ ውስጥ የሌለ ጫፍ አገኘሁ። 557.7 ላይ። ቀጥ ያለ፣ ረጅም፣ የሚያምር። ሌላ ጋላክሲ ከፈትኩ፤ አለ። ሦስተኛ ከፈትኩ፤ አለ። አርባ ጋላክሲ ከፍቼ አርባዎቹም ላይ አገኘሁት። እንቅልፍ አልወሰደኝም። ለእናቴ ደውዬ «ሳይሆን አይቀርም» አልኳት፤ ምኑ እንደሆነ ግን አልነገርኳትም። ጠዋት አማካሪዬ ጋ ይዤ ሮጥኩ። አየና ሳቀ። «ጋላክሲዎቹ የተለያየ ርቀት ላይ ናቸው። ታዲያ ይህ መስመር ለምን ሁሉም ላይ አንድ ቦታ ቆመ?» አለኝ። ዝም አልኩ። «እንኳን ደስ ያለሽ፤ የመሬትን አየር አግኝተሻል» አለኝ። ከራሳችን በላይ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለው ኦክስጅን ሌሊት ሌሊት ደብዘዝ ያለ አረንጓዴ ብርሃን ይሰጣል። የሩቁን ለማየት ስንጥር እሱ መሃል ይገባል። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሁሉ ማወቅ የነበረበት ነገር ነው። እናቴ እስካሁን «ያ ነገር ምን ደረሰ?» ትለኛለች።

ሰዎች ግን ከኔ በተሻለ ተሳክቶላቸዋል። በ1963 ማርተን ሽሚት 3ሲ 273 የሚባል ኮከብ መሳይ ነጥብ ላይ የማይታወቁ መስመሮች ገጠሙት። ግራ ከተጋባ በኋላ ተራ የሃይድሮጅን መስመሮች መሆናቸውን አየ፤ 16 ከመቶ ያህል ተለጥጠው ነው። ነጥቡ ኮከብ ሳይሆን ከ2 ቢሊዮን የብርሃን ዓመት በላይ የራቀ ነገር ነበር። ኳዛር ተባለ። ትልቅ ጥቁር ጉድጓድ ጋዝ ሲመገብ፣ ጋዙ ከመግባቱ በፊት እየተፋተገ ይግላል። ያ ግለት ጋላክሲን ሙሉ ያስንቃል። ስለዚህ በዓለም ላይ ያለው እጅግ ደማቅ ነገር የሚነሳው ከጨለማው ደጃፍ ነው።

እዚህ ላይ አንዲት መምህርት ላስተዋውቃችሁ። ሀኒ ፋን አርከል ትባላለች። የኔዘርላንድስ የትምህርት ቤት መምህርት ናት። በ2007 ማንም ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ የጋላክሲ ፎቶ እያየ በቅርጻቸው እንዲለይ የሚጋብዝ ጋላክሲ ዙ የሚባል ሥራ ተጀምሮ ነበር። እሷም ትሳተፋለች። አንድ ፎቶ ላይ ከጋላክሲው ሥር ያልተለመደ የቀለም እድፍ አየች። «ይህ ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀች። በኋላ ሲጠና ትልቅ የጋዝ ደመና ሆኖ ተገኘ። የሚያበራው ከአጠገቡ ባለው ጋላክሲ ኳዛር ተመትቶ ነው። ኳዛሩን ሲፈልጉት ግን ደክሟል። ዝናቡ አባርቷል፤ ደቻቱ ግን ገና እየፈሰሰ ነው። ይህን ያገኘችው ሙያዋ ሥነ ፈለክ ያልሆነ፣ ጥያቄዋን ያላፈረችበት ሰው ናት።

ፎቶውንስ? ትላላችሁ። አዎ፣ በ2019 ሚያዝያ የወጣው ብርቱካናማ ቀለበት። ኤም87 የምትባል፣ 55 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት የራቀች ጋላክሲ መሃል ያለው ጥቁር ጉድጓድ ጥላ ነው። 6.5 ቢሊዮን ፀሐይ ይመዝናል። እሱን ማየት ማለት ጨረቃ ላይ የተቀመጠ ብርቱካን ከዚህ ሆኖ እንደማየት ነው። አንድ ቴሌስኮፕ አይችለውም። ስለዚህ ከሃዋይ እስከ ደቡብ ዋልታ ያሉ ስምንት ቴሌስኮፖችን አቀናጅተው የመሬትን ያህል ስፋት ያለው አንድ ቴሌስኮፕ አስመሰሏቸው። መረጃው ከመብዛቱ የተነሳ በኢንተርኔት መላክ አልተቻለም። ሃርድ ዲስኩ በአውሮፕላን ተጫነ። የደቡብ ዋልታው ደግሞ ክረምቱ እስኪያልፍ ለወራት ቆሞ ጠበቀ። ኔትወርክ የሚያስቸግረው እኛን ብቻ አይደለም። በ2022 የራሳችንንም ጉድጓድ ምስል አወጡ። ያቺን የደንገጎን ጎረቤት። ቢሮዬ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ፤ በሩን ዘጋሁና አለቀስኩ። ሌላ ማብራሪያ የለኝም።

አሁን ሁላችንም የምንሻማው ጄምስ ዌብ ላይ ነው። በ2021 በፈረንጆች ገና ዕለት ወደ ኅዋ የተላከው፣ 6.5 ሜትር መስታወት ያለው ቴሌስኮፕ። ያመጣው ጣጣ ቀላል አይደለም። ዓለም ከተጀመረች 13.8 ቢሊዮን ዓመት ነው። ከዚያ ውስጥ 670 ሚሊዮን ዓመት ብቻ እንዳለፈ ከ1 ቢሊዮን ፀሐይ በላይ የሚመዝን ጥቁር ጉድጓድ እንደነበረ ከዌብም በፊት እናውቃለን። እንዴት በዚያ ፍጥነት አደገ? ገና ሲወለድ ትልቅ ነበር ወይስ ያለ ልክ በላ? ዌብ ደግሞ ጭራሽ ትንንሽ ቀይ ነጥቦች በብዛት አሳየን። ጥቁር ጉድጓድ ናቸው የሚል አለ፤ በኮከብ የታጨቁ ጋላክሲዎች ናቸው የሚል አለ። እኔ ወደ መጀመሪያዎቹ አደላለሁ። ግን አንድ ጊዜ አየር አግኝቼ ስለማውቅ ድምፄን ከፍ አላደርግም።

ወላጆች «እንጀራ ይሆናል ወይ?» ብላችሁ እንደምታስቡ አውቃለሁ። እውነቱን ልንገራችሁ። ሀብታም አያደርግም። ከዶክትሬት በኋላ ሁለት ሁለት፣ ሦስት ሦስት ዓመት ኮንትራት እየፈረምክ አገር ለአገር ትዞራለህ። አባቴ በየስልኩ «ቋሚ ሆንሽ?» ይለኝ ነበር። አልሆንኩም እል ነበር። «እና የሰማዩስ ቋሚ ነው?» ይልና ይስቃል። ቴሌስኮፕ ለማግኘት ማመልከቻ ይጻፋል፤ ለዌብ የሚጠየቀው ሰዓት ካለው ዘጠኝ እጥፍ ገደማ ይደርሳል። ብዙ ጊዜ መልሱ «አይሆንም» ነው። የምወደው ነገር ቢኖር ገምጋሚዎቹ የአመልካቹን ስም አያዩም። ከየትም ና፣ ሐሳብህ ነው የሚመዘነው።

ሲፈቀድልህም ሰማዩ ላይፈቅድ ይችላል። አንድ ሐምሌ ደቡብ አፍሪካ ሰዘርላንድ ላይ ሰባት ሌሊት ተሰጠኝ። ለድሬ ልጅ ያ ብርድ ቅጣት ነው። ያለኝን ልብስ ሁሉ ደራርቤ ስድስት ሌሊት ደመና ሳይ አደርኩ። በሰባተኛው ሦስት ሰዓት ያህል ተከፈተ። የዶክትሬቴ አንድ ምዕራፍ ከዚያች ሦስት ሰዓት ነው የወጣው።

ለመጀመር ግን ቴሌስኮፕ አያስፈልግም። ይህን በደንብ ስሙኝ፣ ጀመዓው። ሃብል የሚባለው የኅዋ ቴሌስኮፕ፣ የዌብ፣ የሌሎችም መረጃ ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ለማንም በነፃ ይለቀቃል። እዚህ ሳቢያን ቁጭ ያለ ተማሪም፣ ካሊፎርኒያ ያለውም የሚያወርዱት አንድ ነው። ሂሳብ ጠንክሩ። ፊዚክስ። ፓይተን ፕሮግራሚንግ በስልክም ቢሆን ጀምሩ። እንግሊዝኛ መጻፍ ተለማመዱ፤ እኔን ከፊዚክሱ ይልቅ ያስቸገረኝ እሱ ነው። እንጦጦ ላይ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች አሉን። የአዲስ አበባ መብራት እየተጠጋው መምጣቱ ያሳዝነኛል። በአገራችን በጋላክሲ ጥናት ተማሪዎችን ለዓመታት ካሠለጠኑት አንዷ ሰርቢያዊቷ ሚርያና ፖቪች ናት። ሰማያችንም የተለየ ነው። ከምድር ወገብ ብዙ ስላልራቅን የሰሜኑንም የደቡቡንም ኮከቦች እናያለን። ለንደን ያለ ሰው የጋላክሲውን መሃል የሚያየው አድማሱን ታክኮ ሲሳብ ነው። እኛ ጋ ከተራራ በላይ ይወጣል።

ደግሞ ሰማይ ላይ ቡና አለን። አልቀለድኩም። በ2019 ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት አገሮችን ስም እንዲያወጡ ሲጋብዝ ለኢትዮጵያ አንድ ኮከብና ፕላኔቷ ደረሱ። ኮከቧ ቡና፣ ፕላኔቷ አቦል ተባሉ። አቦል ከጁፒተር የሚገዝፍ ፕላኔት ነው። ቶናና በረካ ገና አልተገኙም፤ የሚያገኛቸው ከዚህ አዳራሽ ቢወጣ ደስ ይለኛል።

ንግግሬ ካለቀ በኋላ፣ ጥያቄ ላይ፣ አንድ ልጅ ከኋላ ተነስቶ «አቦ፣ እሱ ነገር አንድ ቀን ድሬን አይበላትም?» አለ። አዳራሹ ሳቀ። ጥያቄው ግን ጥሩ ነው። አይበላትም፤ 27 ሺህ የብርሃን ዓመት ይርቃል፣ ደግሞም ጉድጓዳችን በአሁኑ ጊዜ ፆም ላይ ነው፣ የሚበላው በጣም ትንሽ ነው። አንዲት እናት «ፈጣሪ ያለውን እየተቃወማችሁ አይደለም ወይ?» ብለው ጠየቁ። እኔ የማደርገው የተሠራውን ማየት እንጂ ሌላ አይደለም አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ተስማሙ ወይ አልተስማሙ አላወቅኩም።

ከዚያ ወደ ውጭ ወጣን። ኅዳር ላይ የጋላክሲው መሃል ፀሐይን ተከትሎ ስለሚጠልቅ የደንገጎውን ጎረቤቴን ማሳየት አልቻልኩም። ወደ ሰሜን ዞርን። አምስት ኮከቦች የተገለበጠ ንጉሡ ሠ ሠርተው ተንጠልጥለዋል። ካሲዮፒያ ናት፤ በግሪኮች ተረት የኢትዮጵያ ንግሥት። ግሪኮቹ ኢትዮጵያ ሲሉ የኛን ብቻ ማለታቸው አይደለም፣ ቢሆንም ፊደሉ ገጥሟል። ከእሷ በላይ ልጇ አንድሮሜዳ አለች። በዚያ በኩል ነው ቡናና አቦልም ያሉት፤ ጋላክሲዋም እዚያው ነው።

ቴሌስኮፑን አንድሮሜዳ ጋላክሲ ላይ አነጣጠርኩ። መጀመሪያ የቀረበው ያ የኋላ ወንበሩ ልጅ ነው። አንድ ዓይኑን በእጁ ሸፍኖ ጎንበስ አለ። የታየው ደብዛዛ ጭጋግ ብቻ እንደሆነ አውቃለሁ።

«ይቺው ናት?» አለኝ።

«ይቺው ናት። መሃሏ ላይ ደግሞ ከ100 ሚሊዮን ፀሐይ በላይ የሚመዝን አለ።»

«አይታይም።»

«አይታይም» አልኩት።

ቀና አላለም። ከኋላው የተሰለፉት «ና በቃ፣ ተራ ልቀቅ!» እያሉ መጮህ ጀመሩ።